ሽምግልና የማይገባበት ጉዳይ

 የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን በልጆች ላይ ስለሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃት ነው። ጥቃቱን እንዴት እንከላከል? ከደረሰስ በኋላ ልጁ ሕክምናና ፍትሕ የሚያገኘው በየት በኩል ነው? እነዚህን ጥያቄዎች እናነሣለን። ከመጀመራችን በፊት አጠገባችሁ ትንንሽ ልጆች ካሉ ወደ ጨዋታቸው ሸኟቸው። እናንተ ግን አብራችሁን ቆዩ። ርዕሱ እንደሚከብድ እናውቃለን፤ አጥቂ የሚመቸው ግን ትልልቆች ሊሰሙት የማይፈልጉት ነገር ነው።

«ልጃችሁን ከማን ትጠብቃላችሁ?» ብንባል ብዙዎቻችን «ከማላውቀው ሰው» ብለን እንመልሳለን። ልጃችን ከመንገደኛ ብስኩት እንዳትቀበል፣ የማታውቀው ሰው መኪና ውስጥ እንዳትገባ እንመክራለን። ምክሩ ጥሩ ነው፤ ግን ከፊሉን አደጋ ብቻ ነው የሚነካው። ፖሊስና ፍርድ ቤት ዘንድ በሚደርሱት ጉዳዮች ተጠርጣሪው አብዛኛውን ጊዜ ልጁ በደንብ የሚያውቀው ሰው ነው። አጎት ነው፣ የእንጀራ አባት ነው፣ አንዳንዴም የገዛ አባት ነው። አከራይ ነው፣ አስጠኚ ነው፣ መምህር ነው፣ የሰፈር ባለሱቅ ነው። ውሻው አይጮኽበትም፤ ልጆቹም «ጋሼ» ብለው ይጠሩታል።

እንዲህ ያለው ሰው አይቸኩልም። በመጀመሪያ የቤተሰቡን እምነት ይገዛል። ቀጥሎ ልጁን ለብቻው የሚያገኝበት ሰበብ ይፈልጋል፦ «እኔ ላስጠናት»፣ «በመንገዴ ነው፣ ትምህርት ቤት ላድርሰው» ይላል። ከረሜላ ይገዛል፣ ሳንቲም ይሰጣል፣ ስልኩን ጌም እንዲጫወቱበት ይለቃል። ከዚያ «ለማንም እንዳትነግሪ» ይላል። ልጅቷ ይህችን ትንሽ ምስጢር መጠበቋን ካረጋገጠ በኋላ ነው ክፉውን ሥራ የሚያስከትለው። ያኔ ማባበሉ ወደ ማስፈራራት ይለወጣል፦ «ብትናገሪ እናትሽን እገድላታለሁ፤ ደግሞስ ማን ያምንሻል?» ልጅቷ ሁለቱንም ታምነዋለች።

ስለዚህ ጥበቃው ከዚህ መንገድ መነሻ ላይ ይጀምር። ልጆቻችንን ከትልቅ ሰው ጋር የሚያዝ ምስጢር እንደሌለ እናስተምራቸው። ማንም ሰው፣ ዘመድም ቢሆን፣ ስጦታ ሰጥቶ «ለእናትና ለአባትህ አትንገር» ካለ፣ ያንኑ ቀን ለእናትና ለአባት የሚነገር ነገር ነው። የሰውነታቸውን ክፍሎችም፣ ብልትን ጨምሮ፣ በስማቸው ይወቁ። አንድ ቀን ለሐኪም ወይም ለፖሊስ መናገር ቢኖርባቸው ቃሉ አያጥራቸውም። የውስጥ ልብሳቸው የሚሸፍነውን ቦታ ከሕክምናና ከንጽሕና ውጭ ማንም እንደማይነካ፣ ማንም የራሱን እንዲነኩለት ሊጠይቃቸው እንደማይችል በግልጽ ንገሯቸው። ይህ ትምህርት ለሦስት ዓመት ልጅም ይገባዋል።

ከልማዳችንም የምናስተካክለው አለ። እንግዳ ሲመጣ «ሂጂ፣ ጋሼን ሳሚ» ብለን ልጅን እንገፋለን። እምቢ ስትል «ባለጌ» እንላታለን። ልጅ በእጅ ሰላምታም ማክበር ትችላለች፤ አልስምም፣ አልታቀፍም ማለቷን ካከበርንላት ሌላ ቀን ለሌላ ሰው እምቢ ለማለት አቅም ታገኛለች። ሌላው የመኝታ ነገር ነው። ቤት ጠባብ ነው፣ ዘመድ ከሩቅ አገር ይመጣል፣ «ከልጆቹ ጋር ይተኛ» ይባላል። እንግዳ ማክበር ባህላችን ነው፤ ግን ለእንግዳው መሬት ላይ ፍራሽ ማንጠፍ፣ ልጆቹንም ወደ ወላጅ መኝታ ማምጣት እንግዳውን አያዋርድም።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ጠባቂ የሌላቸውን ልጆች እናስብ። «ላስተምርሽ» ተብላ ከገጠር መጥታ በሰው ቤት የምትሠራ የ12 ወይም የ13 ዓመት ልጅ የምትነግረው እናት አጠገቧ የላትም። መስማት የተሳነው ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ ቢናገርም የሚረዳው ላያገኝ ይችላል። ወንዶች ልጆችም ይጠቃሉ፤ «ወንድ ልጅ ምን ይሆናል?» የሚለው አነጋገር አፋቸውን ይዘጋዋል። የወንድ ልጅ እናትና አባትም ይህን ዝግጅት ለራሳቸው ብለው ይስሙት።

አድማጮቻችን፣ ልጅ ሁልጊዜ በቃል አይናገርም። ደረቅ ሌሊት ያሳልፍ የነበረ ልጅ እንደገና አልጋ ማርጠብ ይጀምራል። ተጫዋች የነበረች ልጅ ዝም ትላለች፣ ሌሊት ትባንናለች፣ ትምህርቷ ይወድቃል። ከዕድሜዋ በላይ የሆነ ወሲባዊ ነገር ታወራለች ወይም በጨዋታ ታሳያለች። መቀመጥ ወይም መሽናት ያማታል። እጇ ላይ ማን እንደሰጣት የማይታወቅ ገንዘብ ይገኛል። ከእነዚህ አንዱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ለመጠየቅና ለመከታተል ግን በቂ ምክንያት ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። እናት ሽንኩርት እየከተፈች ነው። የስምንት ዓመት ልጇ በር ላይ ቆማ «እማዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ እነ ጋሼ ቤት አልሄድም» ትላለች። እናት ሥራ በዝቶባታል። «አትቅበጪ! ሂጂና ሳህኑን መልሺ» ብትል፣ ልጅቷ ሁለተኛ ላትሞክር ትችላለች። ቢላዋውን አስቀምጣ፣ እጇን ጠራርጋ፣ ቁጢጥ ብላ «እሺ፣ አትሄጂም። ምን ሆነሽ ነው፣ የኔ ልጅ?» ብትል ግን የሚመጣው መልስ የልጅቷን ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል።

ልጅ ስትናገር የሚያስፈልጋት አጭር መልስ ነው፦ «እንኳን ነገርሽኝ። አምንሻለሁ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።» በፊቷ አትጩኹ፣ ደረት አትምቱ፤ ያስደነገጠቻችሁ እሷ እንደሆነች ታስባለች። «ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?» አትበሏት። «ለማንም አልናገርም» ብላችሁም ቃል አትግቡ፤ መናገር ይኖርባችኋልና። ዝርዝሩን ደጋግማችሁ አትጠይቁ፣ ቃልም በአፏ አታስቀምጡ። ያለችውን እንዳለችው፣ በራሷ ቃል፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጨምራችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት። ይህች ማስታወሻ ኋላ ለመርማሪው ትጠቅማለች።

አባቶችንና ወንድሞችን ደግሞ አንድ ነገር አደራ እንላለን። ንዴታችሁ ይገባናል። ዱላ ይዞ ወደ ተጠርጣሪው ቤት መሮጥ ግን ወይ ሰውየውን ያስመልጠዋል፣ ወይ እናንተን ተከሳሽ ያደርጋችኋል። በዚያ ሰዓት ልጃችሁ የምትፈልገው ወደ ሕክምና የሚወስዳትን ሰው ነው።

ቀጥሎ የምንነግራችሁን ብትችሉ ጻፉት። ጥቃቱ በቅርቡ የደረሰ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት፣ ማለትም 72 ሰዓታት፣ ወሳኝ ናቸው። ልጁ ሳይታጠብ፣ ልብሱም ሳይታጠብ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። በጥቃቱ ጊዜ የተለበሰው ልብስ ተቀይሮ ከሆነ በወረቀት ተጠቅልሎ ይወሰድ። ፌስታል እርጥበት አፍኖ ማስረጃውን ስለሚያበላሸው በፌስታል አትያዙት። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በእነዚህ 72 ሰዓታት ውስጥ ነው፤ በቶሎ በተጀመረ መጠን ይሻላል፣ ለ28 ቀናትም ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ለአቅመ ሔዋን ለደረሰች ልጅ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ አምስት ቀን ሊሰጣት ይችላል። ጊዜው ቢያልፍም ሕክምና አይቀርም፤ ቁስሉ ይታያል፣ የአባላዘር በሽታ ይመረመራል፣ የሥነ ልቦና እርዳታም ይጀመራል።

እርግዝና ተፈጥሮ ቢገኝስ? በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 551 መሠረት በመደፈር ወይም በቅርብ ዘመዳሞች መካከል በተፈጸመ ግንኙነት የተፀነሰን ፅንስ በጤና ተቋም ማቋረጥ አያስቀጣም። ለዚህም የፍርድ ቤት ውሳኔ ወይም የፖሊስ ወረቀት ማቅረብ ግዴታ አይደለም። በአንቀጽ 552 እንደተደነገገው የተጎጂዋ ቃል ብቻ በቂ ነው።

ወዴት ይኬዳል? በአዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ውስጥ የተቀናጀ የአንድ ማዕከል አገልግሎት አለ። ሐኪም፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ በአንድ ጣሪያ ሥር ስለሚገኙ ልጁ ከቢሮ ቢሮ እየዞረ ታሪኩን አይደጋግምም። ተመሳሳይ ማዕከላት በሌሎች ሆስፒታሎችና በክልል ከተሞችም ተከፍተዋል። ማዕከል በሌለበት አካባቢ ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያና ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ፤ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ መርማሪ እንድትመደብላችሁ ጠይቁ። አዲስ አበባ ላላችሁ የፖሊስ የአደጋ ጊዜ ስልክ 991 ነው። ለማመልከት የግድ ወላጅ መሆን አያስፈልግም። ጎረቤት፣ መምህር፣ የቤት ሠራተኛ፣ ማንም ሰው መጠቆም ይችላል፤ በዓይኑ ባያይም እንኳ።

አሁን ወደ ሕጉ እንለፍ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ ልጆችን በዕድሜ ይለያቸዋል። አንቀጽ 627 ዕድሜዋ ከ13 ዓመት በታች ከሆነ ሕፃን ጋር ግብረ ሥጋ የፈጸመን ሰው ከ13 እስከ 25 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል። ድርጊቱ ከባድ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ካስከተለ ቅጣቱ የዕድሜ ልክ እሥራት ነው። አንቀጽ 626 ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉትን ይመለከታል፤ ቅጣቱ ከ3 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ነው። ተጎጂዋ የአጥፊው ተማሪ፣ የቤት ሠራተኛው ወይም በአደራ የተሰጠችው ከሆነች ከ5 እስከ 20 ዓመት ይደርሳል። በጉልበት ወይም በማስፈራራት የተፈጸመ ሲሆን የአስገድዶ መድፈር አንቀጽ 620 ይጠቀሳል። ወንድ ልጅ በወንድ ሲጠቃ አንቀጽ 631 ይሠራል፤ ልጁ ከ13 ዓመት በታች ከሆነ ቅጣቱ ከ15 እስከ 25 ዓመት ነው።

«ፈቅዳ ነው» የሚለው መከራከሪያ ለልጅ አይሠራም። የ15 ዓመት ልጅ ስጦታ ተቀብላ፣ በእግሯ ሄዳ ቢሆንም አንቀጽ 626 አጥፊውን አይለቀውም። «አገባታለሁ» የሚለውም ማምለጫ ተዘግቷል። በድሮው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከክስ የሚድንበት በር ነበር፤ አሁን ያለው ሕግ በአንቀጽ 587 ጋብቻው ተጠያቂነቱን እንደማያስቀር በግልጽ ጽፏል።

ዕድሜ ይህን ያህል ለውጥ ስለሚያመጣ ክርክሩ ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ይነሣል። ተከላካይ ጠበቃ «ልጅቷ 13 ሞልቷታል» ወይም «18 አልፏታል» ሊል ይችላል። ስለዚህ የልደት ምስክር ወረቀት ከሌላችሁ ዛሬውኑ ከወረዳ ወይም ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት አውጡ። የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ወረቀት፣ የትምህርት ቤት መዝገብ ሁሉ ይጠቅማሉና አትጣሏቸው።

የሕጉ ቅጣት እንግዲህ ቀላል አይደለም። ጉዳዮች የሚጠፉት ግን ከፍርድ ቤት በፊት፣ ሳሎን ውስጥ ነው። እንዴት? ማመልከቻው በገባ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ምሽት ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ጋቢያቸውን አጣፍተው ይቀመጣሉ፣ ቡና ይፈላላቸዋል። «ያው የሰፈር ልጅ ነው፣ ሰይጣን አሳስቶት ነው» ይላሉ። «የልጆች አባት ነው፣ ቤቱ ይበተናል» ይላሉ። «ደግሞ ለልጅቷም አስቡ፤ ስሟ ከተነሣ ማን ያገባታል?» ይላሉ። በመጨረሻ የገንዘቡ መጠን ይነገራል። እናትየው አንገቷን ትደፋለች፤ ልጅቷ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ሁሉንም ትሰማለች።

ሽምግልና የተከበረ ባህላችን ነው። ባልና ሚስትን አስታርቋል፣ ደም አድርቋል። ይህ ጉዳይ ግን ለሽማግሌ የተሰጠ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 የሃይማኖትና የባህል ዳኝነትን የሚፈቅደው በግልና በቤተሰብ ጉዳዮች፣ ያውም ባለጉዳዮቹ ሲስማሙ ነው። በልጅ ላይ የተፈጸመ ድፍረት ወንጀል ነው፤ ክሱም በግል አቤቱታ የሚነሣና የሚቆም አይደለም። ከሳሹ መንግሥት ስለሆነ ወላጅ «ታርቀናል» ብሎ ቢፈርም እንኳ ዐቃቤ ሕግ መቀጠል ይችላል። ችግሩ ምስክር ሲሸሽና ልጅ ቃሏን እንድትቀይር ሲደረግ መዝገቡ ባዶ መቅረቱ ነው። አጥፊውም ገንዘቡን ከፍሎ ወደ ሌላ ልጅ ይሄዳል። ስለዚህ ሽማግሌዎች ሲመጡ መልሱ አጭር ይሁን፦ «አባቶቼ፣ ሌላ ጉዳይ ቢሆን እሺ እላችሁ ነበር። ይህ በሕግ ተይዟል።» ሽማግሌዎችም፣ ይህን የምትሰሙ አባቶች፣ እንዲህ ላለ ጉዳይ ሲልኳችሁ አትሂዱ።

ሁለት ነገር ደግሞ አስቀድሞ ማወቅ ያጽናናል። ተጠርጣሪው ፍርድ ቤት ፈቅዶለት በዋስ ሊወጣ ይችላል። ዋስትና ነፃ መባል አይደለምና ተስፋ አትቁረጡ። ከወጣ በኋላ ቢያስፈራራ፣ ሰው ቢልክ፣ ያንኑ ቀን ለመርማሪውና ለዐቃቤ ሕጉ ንገሩ። ለምስክሮችና ለጠቋሚዎች ጥበቃ የወጣ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 699/2003፣ አለ፤ በዚያ መሠረት ጥበቃ መጠየቅ ይቻላል። ሁለተኛው ስለ ጊዜ ነው። በልጅነቱ ተጎድቶ ዛሬ ያደገ ሰው «አልፏል» ብሎ እንዳይተወው። ከ10 ዓመት በላይ ጽኑ እሥራት ለሚያስቀጡ ወንጀሎች የክስ ማቅረቢያው የይርጋ ጊዜ 20 ዓመት ነው።

«ልጄን ፍርድ ቤት አቁሜ ከዚያ ሰው ጋር ላፋጥጣት?» የሚለው ፍርሃት ብዙ ቤተሰብ ወደ ኋላ ይጎትታል። ለሕፃናት ምቹ ችሎቶች የተቋቋሙት ለዚሁ ነው። በነዚህ ችሎቶች ልጅቷ ዳኛው ካለበት አዳራሽ አትገባም። ለብቻ በተዘጋጀ ክፍል፣ አሻንጉሊት ባለበት፣ ከአንዲት የሠለጠነች ባለሙያ ጋር ትቀመጣለች። ክፍሉና ችሎቱ በካሜራና በቴሌቪዥን ተገናኝተዋል። ዳኛው፣ ዐቃቤ ሕጉ ወይም ጠበቃው ሲጠይቅ ባለሙያዋ በጆሮዋ ማዳመጫ ትሰማና ጥያቄውን በልጅ ቋንቋ አለስልሳ ታቀርበዋለች። ልጅቷ ተከሳሹን አታየውም። ችሎቱም በዝግ እንዲታይ ማድረግ ይቻላል። ይህ አሠራር በሁሉም ወረዳ ገና አልተዳረሰም፤ በሌለበትም ቢሆን ልጁ ከተከሳሹ ሳይተያይ እንዲመሰክርና ችሎቱ በዝግ እንዲሆን ዐቃቤ ሕጉን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ገንዘብስ? በወንጀል ክሱ ተከራካሪው ዐቃቤ ሕግ ስለሆነ ቤተሰብ ጠበቃ መቅጠር የለበትም። ለጉዳቱ ካሳ መጠየቅ ከፈለጋችሁ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 101 የካሳ ጥያቄውን ከወንጀሉ ክስ ጋር አጣምሮ ማቅረብን ይፈቅዳል። ማመልከቻ የሚጽፍላችሁ፣ ምክር የሚሰጣችሁ ካጣችሁ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶችና ለልጆች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው። አጥፊው የሚኖረው በዚያው ቤት ከሆነና ልጅቷ መጠለያ ካስፈለጋት የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶችና ልጃገረዶች ተቀብሎ ያሳርፋል፤ በየወረዳው ያለው የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ የሚከታተለው ጽሕፈት ቤትም መንገዱን ያሳያችኋል።

ፍርዱ ከተሰጠ በኋላም የልጁ ነገር አያበቃም። የሥነ ልቦና ክትትሉ ይቀጥል፣ ትምህርቱ አይቋረጥ። በሰፈር ስሙ እንዳይነሣ፣ ፎቶው በፌስቡክና በቴሌግራም እንዳይዘዋወር ጠብቁት። አዝነን የምንለጥፈው የልጅ ፎቶ ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል።

የተከበራችሁ አድማጮች፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ «ማንም ሰው ያላማራችሁን ነገር ቢያደርግባችሁ ንገሩኝ፤ አልቆጣችሁም» በሏቸው። ሲነግሯችሁ እመኗቸው፣ በሦስት ቀን ውስጥ ሐኪም ዘንድ አድርሷቸው፣ ለፖሊስ አመልክቱ። ለዕርቅ የመጣን ሽማግሌ ደግሞ በክብር ሸኙት። የልጅ ክብር ዋጋ ተተምኖለት የሚታረቁበት ነገር አይደለም።